ዶክተር እንጉዳይና መቅላት እንቢ ያሉት አፕሎች

የዶክተር እንጉዳይን ማረፍ የሰማሁት ተማሪ እየፈተንኩ ሳለ፣ ከትምህርት ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ባልደረቦቼ ከመርዶው ሥር የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድረዋል። አንዱ ቸኩሎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ እጅ ለጥፎ ነበር፤ ቆየት ብሎ አጠፋው። እኔ ስልኬን ኪሴ ከትቼ በወንበሮቹ መሀል መመላለሴን ቀጠልኩ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ሦስተኛው ጥያቄ ግልጽ እንዳልሆነላት ስትነግረኝ ወረቀቷን ለረጅም ጊዜ አየሁትና ለእኔም ግልጽ እንዳልሆነ ነገርኳት። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርተው በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔ እንድጽፍ አዘዙኝ። ረዳታቸው ስለነበርኩ ከእኔ የሚቀርብ የለም አሉ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ኮራሁ ማለት አልችልም፤ ትንሽ ግን ኮርቻለሁ። ከባድ ከባድ ቃላት እየመረጥኩ ጻፍኩና ደብረ ኤልያስ ለቅሶው ቤት ስደርስ መጀመሪያ ታናሽ እህታቸው እንዲያዩት ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ ሐዘን ያቀላውን ዓይናቸውን እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ እንደቀላም ያወቅሁት ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ጥሩ ነው የኔ ልጅ፤» አሉኝ። «እንጉዳይ የምትመጣው የቱ ላይ ነው?»

ወረቀቱን ገልጬ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ እኔ እንዴት እንደተቀጠርኩ ይተርካል። ሁለተኛው ገጽ ዶክተር እንጉዳይ ስለ እኔ ጥናት የሰጡትን አስተያየት ያትታል። በቀብሩ ላይ የወንድማቸው ልጅ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ አነበበ፤ የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ ማንን አሳደጉ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ልክም ነበር። ይህ እንግዲህ የእኔ ሁለተኛ ሙከራ ነው። አሁንም እኔ ሳልገባበት እንደማይቀር ከወዲሁ እናገራለሁ፤ በምተርከው ነገር ውስጥ የእኔ ብልሹ ዓይን ድርሻ ስላላት ማስወጣት አልቻልኩም።

ዶክተር እንጉዳይ አጭርና ቀጭን ነበሩ። ክረምት ከበጋ ሰፊ የወንድ የዝናብ ልብስ ከነጠላቸው በላይ ደርበው ስለሚሄዱ ከሩቅ ለሚያያቸው ልብሱ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ይህን ግን ካልጠየቋቸው አይናገሩም። እኔ በበኩሌ አዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት የወሰድኩትን ሥልጠና ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን የለም። ከባድ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን ያወልቁና በነጠላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው እየጠረጉ፣ «እስቲ ቀስ ብለን እንሳሳት፤» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ የሥራ ደንባቸው ነው፤ ሮጦ ትክክል ከሚሆን ሰው ቀስ ብሎ የሚሳሳት ሰው ያምናሉ።

ሙያቸው ሆርሞን ነበር፤ የሰው ሳይሆን የዛፍ። ተማሪዎች ከጀርባቸው እማማ ሆርሞን ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንዳንዴ መልእክት ሲልኩ ራሳቸውን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ሲያስተምሩ የዛፉን ውስጥ ሠርግ እንደተጠራበት ቤት አድርገው ነው። ኦክሲንና ጂብሬሊን የሚባሉት ሆርሞኖች ጎረምሶች ናቸው፤ እደጉ፣ ርዘሙ፣ አረንጓዴ ሆናችሁ ቆዩ ይላሉ። አብሲሲክ አሲድ አማት ናት፤ ይበቃል፣ እንግዳ መጥቷል፣ ልበሱ ትላለች። ኤትሊን ወሬኛ ነው፤ በነፋስ ከፍሬ ወደ ፍሬ እየዞረ እገሌ በስሏል፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ እያለ ያበስላል። ጎረምሶቹ ዝም ብለው አማትና ወሬኛው ሲያሸንፉ ፍሬው ልጣጩ ውስጥ አንቶሳያኒን የሚባለውን ቀይ ቀለም መሥራት ይጀምራል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሱና አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ አማት የቱንም ያህል ብትጣራ ጨለማ ቤት ውስጥ ማንም አይለብስም፤ ለአፕል ብርሃን ያስፈልገዋል።

እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ በረዳት መምህርነት ስመጣ የታዘዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ለእንግዶች የሚቀርብ ፕሪም ከግቢው የፍራፍሬ ማሳ መልቀም ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ፕሪም ልቀም ሲባል ቅር ይለዋል። ቅር እያለኝ ሄጄ የበሰለ የበሰለውን መርጬ፣ አጥቤ፣ በሳህን ደርድሬ አቀረብኩ። ከእንግዶቹ አንዱ ነከሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሌላዋ በጨዋነት ዋጠችና ውሃ ጠየቀች። ዶክተር እንጉዳይ ሳህኑን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

በማግስቱ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶዎች ተዘርግተዋል። ቀዩን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ፤ ያለ ማመንታት አቀበልኳቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ሞከሩትና፣ «ይኼ አረንጓዴ ነው፤» አሉ። ለካስ የዚያን ሴሚስተር ፈተና በሙሉ ያረምኩት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። ተማሪዎቼ ሞራላቸው እንዳይነካ ብዬ ያደረግኩት መስሏቸው ኖሮ በመምህር ግምገማ ላይ ዘመናዊ አስተማሪ ብለውኛል። እኔም ምስጋናው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተቀብየዋለሁ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ቀይና አረንጓዴ ለይቼ እንደማላይ አላውቅም ነበር። ይባስ ብሎ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ስለ ፍሬ ቀለም ነው። ቀለሙን የለካሁት በማሽን ስለሆነ ማሽኑ ጉዴን አላወጣውም። ቅስሜ ተሰብሮ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ዶክተር እንጉዳይ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አትዘን፤» አሉኝ። «ዛፉም ቀይ መሆኑን አያውቅም። የሚለብሰው ለሌላ ሰው ዓይን ነው።»

ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የስኳር መለኪያ ሰጡኝ። የፍሬውን ጭማቂ ጠብ አድርገህበት ወደ ብርሃን ስታየው ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቀለሙን እኔ እመዘግባለሁ፣ ስኳሩን አንተ ትለካለህ አሉ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ዳግመኛ አንስተውብኝ አያውቁም፤ እስከ ይጁቤው ቀን ድረስ።

ከይጁቤ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ አያ ቢያድግ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ዶክተር እንጉዳይ ገና ጉልበት በነበራቸው ጊዜ በእጃቸው ያዳቀሉትን የአፕል ችግኝ በአካባቢው ላሉ ገበሬዎች አድለው ነበር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ነቅለው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። የቀሩት የአያ ቢያድግ ዛፎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ረድፍ በመንገዱ በኩል፣ ሁለት ረድፍ ወደ ውስጥ። ዶክተር እንጉዳይ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ጠቅላላ የሥራ ዘመናቸው ምን አፈራ ተብለው ቢጠየቁ ሄደው የሚያሳዩት እነዚያን ዛፎች ብቻ ነው።

ዛፎቹ ፍሬ ይሰጣሉ፤ ፍሬው ይጣፍጣል፤ ግን አይቀላም። ፍሬው የሚደርሰው ደመና በማይገለጥበት ክረምት ነውና አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ደብረ ማርቆስ ያሉ የፍራፍሬ ነጋዴዎች ደግሞ ደንበኛው ጥሬ ነው ይለናል እያሉ አይቀበሉም። አያ ቢያድግ አንድ ሁለቴ በጆንያ ጭነው ወስደው፣ በጆንያ ጭነው መልሰው፣ ለበሬዎቻቸው ሰጥተዋል። በሬዎቹ ስለ ቀለም አልጠየቁም።

ሰኔ ላይ ዶክተር እንጉዳይን አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፤ «ዶክተር፣ እኔ ጨክኜ አይደለም፤ መሬቴ ይችው ናት። እስከ መስቀል ከቀሉ ቀሉ። ካልቀሉ ነቅዬ ደመራው ላይ እደምራቸዋለሁ።»

ዶክተር እንጉዳይ አልተከራከሩም። በመኪናው ስንመለስ ግን እስከ ከተማው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ዝምታ ስለማልችል ስለ ሥልጠናዬ አወራኋቸው።

የመጨረሻው ሙከራ ይህ ነበር። አማቲቱን፣ ማለትም አብሲሲክ አሲዱን፣ በመንገዱ በኩል ባሉት ሁለት ረድፎች ላይ እንረጫለን፤ በውስጠኛዎቹ ረድፎች ላይ ውሃ ብቻ እንረጫለን፤ ከዚያ ልዩነቱን እናያለን። የመንገዱን በኩል የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴ ሳይንሳዊ ነው ብዬ ብጽፍም እውነቱ ከመኪናው ስለሚቀርብ ነው። የመርጨቱ ቀን ነጭ ጋውን ለብሼ ስለወረድኩ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ጀመር፤ ክትባት የመጣ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ።

ለተሰበሰበው ሰው ማብራሪያ የመስጠቱን ክብር ለራሴ ወሰድኩ። ስለ ሞለኪውልና ስለ አንቶሳያኒን ብዙ ተናገርኩ። ሳበቃ የአጥቢያው ቄስ ሆርሞን የሚባለው ነገር ከእንስሳ እንደሚወጣ መስማታቸውን ገልጸው፣ ፍልሰታ እየመጣ ስለሆነ ይህ ፍሬ የጾም ነው ወይስ የፍስክ ብለው ጠየቁ። በጥያቄው ሳቅሁ፤ ቀጥሎም በኬሚስትሪ ጾምና ፍስክ የሚባል ነገር የለም ብዬ መለስኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አያ ቢያድግ አንገታቸውን ደፉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ዛፎቹን ከመስቀል በፊት ላስነቅላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዶክተር እንጉዳይ መነጽራቸውን ጠርገው ወደ ፊት ወጡ። «አባ፣ ዛፉ ራሱ የሚሠራውን ነው የምንጨምርለት፤» አሉ። «ከእንስሳ የመጣ ምንም የለበትም።» ቄሱም እንግዲያው የጾም ነው አሉ፤ ሰውም ተበተነ። በመመለሻችን ላይ ዶክተር እንጉዳይ የቄሱ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለ እንደነበረ ነገሩኝ፤ እሳቸው ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ላለመብላት ጠየቁ፤ አንተ ግን ከየት እንደመጣ ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አላውቅም ነበር። ዕቃውን ከካርቶኑ ያወጣሁት እኔ ስሆን ከካርቶኑ በስተጀርባ ስላለው ነገር አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንመላለስ ጀመር። ከመሄዳችን በፊት በዋዜማው ደውዬ ነገ እንመጣለን እላለሁ፤ ሳይናገሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው። ስንደርስ የአያ ቢያድግ ባለቤት እትዬ የሻረግ እርጎ ይዘው ይቀበሉናል፤ የፍልሰታ ጾም ሲገባ እርጎው በኑግ ተተካ። ዶክተር እንጉዳይ ቀለሙን ይመዘግባሉ፤ እኔ ስኳሩን እለካለሁ። ውጤቱ ግን ጉድ ነበር። ውሃ ብቻ የተረጩት የውስጥ ዛፎች እዚህም እዚያም ትንሽ መቅላት ጀመሩ። ሆርሞን የተረጩት የመንገድ ዳር ዛፎች ይባስ ብለው ነጡ።

ዶክተር እንጉዳይ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ሌሊት እንደማይተኙ ዓይናቸው ይናገር ነበር። እኔ በተቃራኒው ደስ ደስ ይለኝ ጀመር፤ ምክንያቱም ዓለም ያላወቀው ነገር ላይ የደረስኩ መሰለኝ። በጎጃም ደጋ ከፍታ ላይ ይህ ሆርሞን የተገላቢጦሽ እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ የምርምር ጽሑፍ ጀመርኩ። ርዕሱ ብቻውን አራት መስመር ይወጣዋል። ስሜን የት እንደማስቀምጠውም አስቤበታለሁ፤ ከዶክተር እንጉዳይ ቀጥሎ፣ ግን ደመቅ ተደርጎ። ረቂቁን ሳሳያቸው እስከ ርዕሱ አጋማሽ አነበቡና፣ «እስቲ ቀስ ብለን፤» ብለው መለሱልኝ። መሳሳቱን እንኳ አልጨመሩበትም።

በነሐሴ መጨረሻ ኔትዎርክ ጠፋ። ለአያ ቢያድግ ደጋግሜ ብደውል ስልኩ አልሠራ አለኝ። ዶክተር እንጉዳይ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን እንሂድ አሉ። መንገዱን ዞረን ዛፎቹ ሲታዩን ሾፌራችን ራሱ መኪናውን በድንገት አቆመ። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለቱ ረድፎች ላይ የተንጠለጠለው ፍሬ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

እትዬ የሻረግ ከቤት ወጥተው ሲያዩን ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት እያዩ ነገሩን። በዚያ በመርጨቱ ቀን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ዛፎቹን ሲያይ ሆዳቸው ፈርቷል። ፍሬው ዓይን ውስጥ ገብቷል፤ በዓይን ሊበላ ነው። ስለዚህ ለመንገደኛ የሚታየውን ሁሉ በማግስቱ ሸፈኑት። እኛ እንመጣለን ብለን ስንደውል፣ እንግዳ አናስቀይም ብለው ቤተሰቡ በሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ይፈታዋል፤ መኪናችን ዞር ሲል መልሶ ያስረዋል። ያ የማላቋርጠው የጨዋ ስልኬ ሳምንት በሳምንት እንዲህ ሲያለፋቸው ኖሯል። ዓለምን የሚያስደንቀው ግኝቴም ይኸው ነበር፤ ነጭ ጋውን ለብሼ ሰው ሰበሰብኩ፤ የተሰበሰበው ሰው ፍሬውን አሸፈነ፤ የተሸፈነው ፍሬ ብርሃን አጣ።

ዶክተር እንጉዳይን ፈርቼ አየኋቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ የሻረግም መጀመሪያ በፍርሃት፣ በኋላ ከልባቸው አብረው ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ባለ አራት መስመር ርዕሴን እያሰብኩ ነበር።

ወረቀቱ አሁኑኑ ይፈታ አልኩ። ሙከራችን እንደተበላሸ፣ መስቀል እንደደረሰ፣ የቀረንን ጥቂት ብርሃን ማዳን እንዳለብን ተከራከርኩ።

«ሙከራው ተበላሽቷል፤» አሉ ዶክተር እንጉዳይ እየተነሱ። «ዛፎቹ ግን አልተበላሹም። አትፍቱት።»

ከዚያ ለእትዬ የሻረግ፣ በእውነቱ ለእኔ፣ አስረዱ። ጨለማ ውስጥ የቆየ ልጣጭ ብርሃንን ይራባል። አማቲቱ መጥታለች፤ ወሬኛውም ወሬውን አዳርሷል፤ ፍሬው የጎደለው ፀሐይ ብቻ ነው። አሁን ቢፈታ ደመና ነው የሚያገኘው። ዘመን ተለውጦ ሰማዩ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ገለጥ ተደርጎ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ከተፈታ፣ በወራት ያልሠራውን ቀለም በቀናት ሊሠራው ይችላል። ይችላል አሉ እንጂ ይሠራዋል አላሉም። እድላቸው ይህች ብቻ ነበረች።

እትዬ የሻረግ መሸፈኑን በደስታ ተቀበሉ፤ መፍታቱ ላይ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሲደርስ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ቀልቶ ከታየ አለቀለት። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። በመንገዱ በኩል አጥሩ ላይ ጆንያ ይዘረጋል፤ ፀሐይ ከላይ ትገባለች፣ ዓይን ከጎን አይገባም። ከቤተሰቡ በቀር ግን እስኪለቀም ድረስ ማንም ዛፎቹን አያይም።

«እርስዎም ቢሆኑ ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ፤» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ከሰው ሁሉ የሚሳሳላቸው የእርስዎ ዓይን ነው።»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። እጅግ የሚወድ ዓይን እጅግ ያሰጋል፤ በእሳቸው ዘንድ እናትም ልጇን አትኩራ ስታይ አማረብህ እንዳትል አፏን ትጠብቃለች። እኔ ግን ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። የዶክተር እንጉዳይ የሥራ ዘመን ሁሉ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀላ እንዳያዩት መከልከል ማለት ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ዶክተር እንጉዳይ በእጃቸው አስቆሙኝና፣ «እሺ የሻረግ፤ አላይም፤» አሉ። ቀጠሉና ስኳሩ እየተለካ ፍሬው መድረሱ መታወቅ ስላለበት ይኼ ልጅ ይግባልን አሉ። እትዬ የሻረግ የእሱንስ ዓይን በምን አምናለሁ አሉ።

«እሱ ቀይ አያይም፤» አሉ ዶክተር እንጉዳይ። «የማያየውን ነገር ምን አድርጎ ይበላዋል?»

አያ ቢያድግ ሳይሞክሩ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። የእትዬ የሻረግን ሻሽ ከራሳቸው አስፈትተው፣ ቅጠል በጥሰው፣ በርበሬ ከቤት አስመጥተው እያፈራረቁ ጠየቁኝ። ሁሉንም ሳትኩ። ቤተሰቡ በየስህተቴ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አያ ቢያድግ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እንኳን እንዲህ ሆነህ ተፈጠርክ አሉኝ። ከፍራፍሬ ቀለም ጋር በተያያዘ በሕይወቴ ካገኘሁት እውቅና ትልቁ ይህ ነው።

መስከረም ገባ፤ ሰማዩ ተከፈተ፤ ወረቀቱም ተፈታ። በየሁለትና ሦስት ቀኑ እንሄዳለን። ዶክተር እንጉዳይ ከመኪናው ወርደው ጀርባቸውን ለዛፎቹ፣ ፊታቸውን ለጮቄ ተራራ ሰጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ መለኪያዬን ይዤ እገባለሁ። ስመለስ ቁጥሩን ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ሌላ አይጠይቁኝም። አንድ ቀን ሾፌራችን ከጆንያው በላይ አጮልቆ ሊነግራቸው ቢፈልግ ተቆጡት። ከዚያ በፊት ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

የደመራ ዋዜማ ደረሰ። አያ ቢያድግ መጥረቢያቸውን ስለው በሩ ላይ አቁመውታል፤ እስከዚያ ድረስ በአረቄ ስካር እንኳ ቃላቸውን አጥፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከእሳቸውና ከእትዬ የሻረግ ጋር ወደ መንገድ ዳሩ ረድፍ ገባን። ለእኔ ቅጠሉም ፍሬውም እንደ ወትሮው ያው ድፍርስ ነገር ነበር። አንድ ፍሬ ቆርጬ ጭማቂውን ለካሁ፤ ስኳሩ ጨምሯል። ቀልተዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ የሰማኝ የለም። አያ ቢያድግ የአንዱን ፍሬ ጉንጭ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ በመዳፋቸው ጀርባ ይነካሉ። ቆይተው ወደ በሩ ሄዱና መጥረቢያውን አንስተው ወደ ቤት አስገቡት።

«ለደመራው ሌላ እንጨት እፈልጋለሁ፤» አሉ።

እየሮጥኩ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ዶክተር እንጉዳይ ኮቴዬን ሰምተው ሳይዞሩ፣ ንገረኝ አሉኝ። እንዲህ ያለውን ዜና ለእሳቸው ለማድረስ ከፍጥረት ሁሉ እኔ ተመርጬ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ ቃል ስኳሩ ጨምሯል የሚል ሆነ። ስኳሩን አልጠየቅኩህም አሉ። ያን ጊዜ አያ ቢያድግ ያሉትን ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ። ዞር ብለው አላዩም። ልቤ ተሰበረ፤ ዓይን ኖሯቸው የማያዩት እሳቸው፣ አይቼ የማላየው እኔ፣ መንገድ ዳር ተቀምጠን።

እትዬ የሻረግ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። አልፈውኝ ሄዱና የዶክተር እንጉዳይን እጅ ያዙ።

«ይምጡ፤» አሏቸው።

«ቃል ሰጥቻለሁ የሻረግ።»

«የተቀበልኩት እኔ አይደለሁ? መለስኩልዎ። ይምጡና ይዩልኝ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ዶክተር እንጉዳይ መጀመሪያው ዛፍ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም፤ መልሰው አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሕፃን እንደሚመርቅ ሰው ጎንበስ ብለው በፍሬዎቹ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉባቸው። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ዶክተር እንጉዳይ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ?» አሉኝ።

ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አላነሳሁም ነበር።

«አየሁ፤» አልኳቸው።